ጎጃምን የጻፈው ማን ነው? በ«ፍቅር እስከ መቃብር» ላይ የተነሳ ክርክር

መምህርት ከማርቆስ፦
እንደምን አመሻችሁ። እሑድ በንባብ ቡድናችን የተነሳው ነገር አላስተኛኝም። ላልነበራችሁ ባጭሩ ልንገራችሁ። ለልጆች ንባብ ክፍል መጽሐፍ መግዣ ገንዘብ አዋጥተናል። እኔ የሐዲስ ዓለማየሁ ልብወለድ «ፍቅር እስከ መቃብር» በብዛት ይገዛ አልኩ። አንድ ወንድማችን ተነሳና «እሱ የድሮ ባላባት ታሪክ ነው፣ ጎጃምን አይወክልም። በገንዘቡ የድምፅ መቅጃ ገዝተን የአያቶቻችንን ግጥም እንሰብስብ» አለ። ግማሹ ቤት አጨበጨበለት። እኔ ግን አልተዋጠልኝም።

ሐዲስ ዓለማየሁ በ1902 ዓ.ም. የተወለዱት እዚሁ ማርቆስ አጠገብ፣ እንዶዳም ኪዳነ ምሕረት ነው። ቅኔ ተምረዋል። ጣሊያንን ተዋግተዋል፤ ተማርከውም ጣሊያን አገር ታስረዋል። አምባሳደርም ሚኒስትርም ሆነዋል። ይህን ሁሉ ዓለም አይተው በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት መጽሐፍ ግን የእኛው የጎጃሞቹ የማንኩሳና የዲማ ታሪክ ነው። ባህል መሶብና ጥበብ ቀሚስ ብቻ አይደለም እኮ። ማን ከማን አይጋባም፣ ማን ለማን እጅ ይነሳል፣ ገበሬው እስከ መቼ ይችላል፣ ይህም ባህል ነው። ጉዱ ካሳ የሚባለው ሰው የገዛ ባላባት ዘመዶቹን ፊት ለፊት ሲሞግት የምንሰማው እዚያ መጽሐፍ ውስጥ ነው። ልጆቻችን ይህን ሳያነቡ እንዲያድጉ አልፈልግም።

የዲማው፦
እሑድ የተናገርኩት እኔ ነኝ መምህርት። መጽሐፉን ጠልቼ እንዳይመስልዎት። የመጽሐፉ ዋና ሰው በዛብህ የዲማ ቅኔ ቤት ተማሪ ነው፤ እኔም ዲማ ተምሬአለሁ። ደበሎ ለብሼ፣ አኮፋዳ አንግቼ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያልኩ ቁራሽ ለምኛለሁ። ውሻ የነከሰኝ ቦታ ዛሬም እግሬ ላይ አለ። ስለዚህ በዛብህን ከብዙ አንባቢ በላይ አውቀዋለሁ።

ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ። ቅኔ ቤት ውሎው እንዲህ ነው። ተማሪው ለየብቻው ዛፍ ሥር ይሄድና ቅኔ ይቆጥራል፤ በልቡ ያዘጋጃል ማለት ነው። አንዱ ጋቢውን ተከናንቦ ይቀመጣል፣ ሌላው እያጉረመረመ ይመላለሳል። ማንም ማንንም አያናግርም። ከዚያ ተራ በተራ ለየኔታ ይነግራል። የኔታም የቅኔው ቤት፣ ማለትም ስንኙ፣ ከሞላ፣ ምሥጢሩ ከገጠመ ዝም ብለው ይሰማሉ፤ ካልሆነ እዚያው ይነቅፉታል፣ ያቃኑታል። ዋናው ነገር ደግሞ ቅኔ አይደገምም። ትናንት የተነገረውን ዛሬ ይዘህ ብትመጣ ሌባ ነህ። በየቀኑ አዲስ ነው። በጎጃም ቅኔ ቤቶች፣ ጎንጅም፣ ዋሸራም፣ ዲማም ስንት መቶ ዓመት እንዲህ ሲባል ኖሯል። ከዚያ ሁሉ ወረቀት ላይ የቀረው ስንት ነው? እፍኝ አይሞላም። የጎጃም ሥነ ጽሑፍ ሲባል አንድ ልብወለድ ብቻ ሲጠራ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው።

ተማሪ ከባሕር ዳር፦
እኔ ከመምህርት ጋር ነኝ። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የናይጄሪያውን ቺኑዋ አቼቤን አንብበናል። የመጀመሪያ ልብወለዳቸው የወጣው በ1958 እ.ኤ.አ. ነው። (ቁጥሩ ከሐዲስ ዓመት ጋር አንድ ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ግን የአቼቤ ሰባት ስምንት ዓመት ይቀድማል።) የኢግቦን መንደር ሲጽፉ ተረቱን፣ ምሳሌውን፣ የያም በዓሉን በፍቅር ነው የጻፉት። ግን መንታ ሕፃናት ጫካ ይጣሉ እንደነበርም አልደበቁም። ለነጩ ብለው አላሳመሩም። የእኛም ሰውዬ ያደረጉት ይህንኑ ነው። ወገኑን የሚወድ ጸሐፊ ነውሩንም ይጽፋል። ቀረርቶና ፉከራ ግን በአብዛኛው ማወደስ ነው። እዚያ ውስጥ ጉዱ ካሳን ከየት ታገኙታላችሁ?

የዲማው፦
እዚህ ላይ አልስማማም። የሴቶቹን እንጉርጉሮ ሰምተህ አታውቅም ማለት ነው። ወፍጮ ላይ ተንበርክካ የምትፈጭ ሴት ባሏን፣ አማቷን፣ ጭቃ ሹሙን በግጥም ትነግራቸው ነበር። በቃል ብትናገረው የምትደበደብበትን በዜማ ታልፈዋለች። ጉዱ ካሳ በየጓዳው ነበረ። የሚጽፍለት ነው ያጣው።

ከእንጅባራ፦
ሁላችሁንም አከብራለሁ። ግን «ጎጃም» ስትሉ እኛ አዊዎች የት ነን? አያቴ የምታንጎራጉረው በአዊኛ ነው። የምታለቅሰው፣ ልጅ የምታባብለው፣ ለፈረስ የምትዘፍነው በአዊኛ ነው። ዛሬ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቻችን ልጆች በአዊኛ ይማራሉ፤ በግእዝ ፊደል ይጽፋሉ። ልጄ ማንበብ ይችላል። ግን ከመማሪያ መጽሐፉ ውጭ ምን ላንብበው ቢለኝ የምሰጠው የለኝም።

ኬንያዊው ንጉጊ ዋ ቲዮንጎ በእንግሊዝኛ ስመ ጥር ከሆኑ በኋላ ነው ወደ ጊኩዩ የተመለሱት። እስር ቤት ሆነው በሽንት ቤት ወረቀት ላይ በእናታቸው ቋንቋ ልብወለድ ጽፈዋል። ይህን ባነበብኩ ቁጥር የአያቴ ፊት ይመጣብኛል። እሷ የምታውቀው በሌላ ቋንቋ ሲነገር ግማሹ ይፈሳል።

የቡሬው፦
ልጆቼ፣ እኔ በንባብ አልተካንኩም፤ ነጋዴ ነኝ። ግን ይህን መጽሐፍ በጆሮዬ አውቀዋለሁ። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲያነበው ልጅ ነበርኩ። አባቴ የሬዲዮኑን ባትሪ ድንጋይ ቀን ቀን ፀሐይ ላይ ያሰጣዋል፣ ማታ ለትረካው እንዲበቃ። ጎረቤቱ ሁሉ እኛ ቤት ይመጣል። መደቡ ሞልቶ በር ላይ የሚቆም ነበር። ወጋየሁ ሲናገር የሚያስል ሰው እንኳን ወጥቶ ነው የሚያስለው።

እናቴ ፊደል አልቆጠረችም። በአካባቢያችን ሙሾ አውራጅ ነበረች፤ ለቅሶ ቤት ትጠራለች። በዛብህ የሞተ ለት ነጠላዋን አዘቅዝቃ አለቀሰች። ጠዋት እንጀራ ስትጋግር ሙሾ አወጣችለት። ለማታውቀው፣ በሬዲዮ ለሰማችው ልጅ! ምጣዱ ሥር እየማገደች በጢሱ መሃል ትገጥማለች፤ እኔ በር ላይ ቆሜ እሰማለሁ። የበዛብህን እናት የውድነሽንም ስም እየጠራች ነበር።

የሐዲስን መጽሐፍ ገበያ ላይ አገኘዋለሁ። የእናቴን ሙሾ ግን አንድ ስንኝ አላስታውስም። ማንም አልጻፈውም። ካረፈች ሃያ ዓመት አለፋት።

መምህርት ከማርቆስ፦
ጋሼ፣ እንባዬ መጣ። አንብቤ ስልኬን አስቀመጥኩና ቆይቼ ነው የተመለስኩት።

አቋሜን አልለውጥም፤ መጽሐፉ ይገዛ። እናትዎ ያለ እሱ ያን ሙሾ አያወጡም ነበር። ነገር ግን በብዛት ያልኩትን ልተው። አሥር ቅጂ ለክፍሉ ይበቃል፤ ልጆች እየተቀባበሉ ያንብቡት። በቀረው መቅጃና ደብተር ይገዛ። የዲማው ወንድሜ፣ አንተ የሴቶቹን እንጉርጉሮ የሚያስታውሱ እናቶችን ፈልግልን። ቅኔውን ግን ያለ የኔታዎቹ ፈቃድ እንዳትነካብን።

የዲማው፦
ይሁን። አሥሩ ግን በዛ፤ አምስት ይበቃል። የኔታን እኔ እጠይቃቸዋለሁ።

መምህርት ከማርቆስ፦
ስምንት። ከዚያ በታች አልወርድም።

ከእንጅባራ፦
አያቴ ዘንድ ቅዳሜ አትምጡ፤ ገበያ ትሄዳለች። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ኑ። ጉልበቷ ደክሟል እንጂ ድምጿ አለ።

ተማሪ ከባሕር ዳር፦
እኔም እመጣለሁ፤ መቅረጹን እችላለሁ። ወደ አማርኛ የሚተረጉምልን ማን ነው?

ከእንጅባራ፦
መጀመሪያ በአዊኛ ይጻፍ። ልጄ ይጽፈዋል።