አያቴ አገር መንዝ ልሄድ ነው፤ የዘር ሐረጋችንን ከማን ልጠይቅ?

የላሎ የልጅ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። በጥር ወደ መንዝ እሄዳለሁ፤ ያለኝ አምስት ቀን ነው። የማውቀው የአያቴን ስም ከነአባቱ፣ «የላሎ ምድር ሰው ነው» መባሉንና ውጭ አገር በተሞላ ፎርም ላይ የሰፈረውን 1929 የሚል የትውልድ ዓመት ብቻ ነው። ቀበሌ ልሂድ ወይስ ቤተ ክርስቲያን?

ሐረግ ቆጣሪ፦
ቀበሌው ይቅርብሽ። የልደት ምዝገባ በመላ አገሪቱ የተጀመረው በ2008 መጨረሻ ነው፤ የአያትሽ ዘመን ሰው እዚያ አይገኝም።

መጀመሪያ ያንን 1929 አጥሪው። በፈረንጅ ከሆነ በእኛ 1921 ወይም 1922 ነው፤ በእኛ ከሆነ ግን ጣሊያን ከገባ በኋላ ነው የተወለደው። ሽማግሌን ዓመት አትጠይቂ። «ጣሊያን ሲገባ ጥጃ ይጠብቅ ነበር ወይስ ገና አልተወለደም?» ብትይ በአንድ ጥያቄ ይለያል።

ላሎ ምድር ደግሞ ዛሬ ራሱን የቻለ ወረዳ ነው፤ ከተማው ወገሬ ነው። እዚያ ደርሰሽ የሰው ስም ብቻ ብትጠሪ የሚያገናኝሽ አታገኚም፤ ሰው የሚታወቀው በደብሩ ነው። ከመነሳትሽ በፊት የአያትሽ ቤት የትኛውን ታቦት ይዘክር እንደነበር ዘመዶችሽን ጠይቂ፤ ብዙ ጊዜ የትውልድ ደብሩ ታቦት ነው። የክርስትና ስሙንም ያዢ። ካህናት ለፍትሐትና ለተዝካር የሚጠሩት በዚያ ስለሆነ፣ በዓለም ስሙ «አናውቀውም» ያሉትን ሰው በክርስትና ስሙ ያስታውሱታል።

የእናት ወገን፦
ትልቁ መደናገር የሚመጣው ሽማግሌው መቁጠር ሲጀምር ነው። የአባት ስም ተከትለሽ የያዝሽው ዝርዝርና የእሳቸው ቆጠራ ሦስተኛው ወይም አራተኛው ትውልድ ላይ ሊለያይ ይችላል። ተሳስተው አይደለም። ርስት በአባትም በእናትም ይወረስ ስለነበር የሚቆጥሩት መሬቱ የመጣበትን መስመር ነው። ከአቅኚው አባት፣ ማለትም መሬቱን መጀመሪያ ከያዘው ሰው ተነስተው «እገሌ እገሊትን ወለደ» ሲሉ ሴቷ ላይ ቆም ብለሽ ባሏ ማን እንደነበር፣ ወንድሞቿ እነማን እንደሆኑ ጻፊ። ከራስሽ ወደ ላይ አታስቆጥሪያቸው፤ የለመዱት ከላይ ወደ ታች ስለሆነ ይዘልላሉ።

ሁለት ሽማግሌ ካገኘሽ ለየብቻ ጠይቂ። አብረው ከተቀመጡ ታናሹ ታላቁን አክብሮ ዝም ይላል፤ የእሱ ቆጠራ ጠፋ ማለት ነው። «ወንድሜ» ሲሉም የአንድ እናት ልጅ ይሁን የአጎት ልጅ አጣሪ።

አንድ ነገር በጣም ጠንቀቅ በይ። ርስት በየካቲት 1967 አዋጅ ቢቀርም፣ ዘር እየቆጠረ የመጣ እንግዳ ዛሬም መሬት ፈላጊ ሊመስል ይችላል። ማን የት ያርሳል ብለሽ አትጀምሪ፤ የመጣሽበትን በሰው ፊት በግልጽ ተናገሪ።

የላሎ የልጅ ልጅ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥስ የተጻፈ ነገር ይኖራል?

ገበዝ ሰፈር፦
የልደት መዝገብ አትጠብቂ። ያለ እንደሆነ የብራና መጻሕፍት መነሻና መጨረሻ ባዶ ገጾች ላይ ነው፤ የመሬት ስጦታ፣ ውርስ፣ የምስክሮች ስም እዚያ ይጻፍ ነበር። መጽሐፉ ያለው ዕቃ ቤት ነው፣ ኃላፊው ቄሰ ገበዙ ነው። ከወረዳው ቤተ ክህነት ደብዳቤ ይዘሽ ሂጂ፤ ገጹን ራሳቸው ይግለጡልሽ፤ ፎቶ ያለ ፈቃድ አታንሺ።

ጥር መልካም ነው፤ አዝመራው ተሰብስቧል። ጥር 21 የማርያም ንግሥ ላይ ከየአገሩ የተበተነው ዘመድ ይሰበሰባል፤ ከቅዳሴ በኋላ አንድ ግቢ ውስጥ የምታገኚውን ሰው በሳምንት ቤት ለቤት ዞረሽ አታገኚውም። መንገዱ ደብረ ብርሃንን አልፎ ጣርማበር ላይ፣ ከመኪና ዋሻው በፊት ይገነጠላል። ክፍት መሆኑን በዚያው ሳምንት እዚያ ከሚኖር ሰው አረጋግጪ፤ ካልሆነ ጉዞውን አስተላልፊው። ወፍራም ጋቢም አትርሺ፣ የመንዝ የጥር ሌሊት ውርጭ ነው።