«ተቀበል!» የሚባልበት ሠርግ ደሴ ውስጥ ቀርቷል ወይ?

የሰኞ ገበያ ልጅ፦
ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ኮምቦልቻ ነው፤ ተወልጄ ያደግሁት ግን ደሴ። ለጥር ልጄን እድራለሁ። አዳራሹም ዲጄውም ተይዟል። እኔ የጠየቅሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ለአንድ ሰዓት ያህል ዲጄው ያቁምና መሰንቆ ይግባ፣ እንግዳው ግጥም ይስጥ። ልጄ «እማ፣ ማን ግጥም ያውቃል ብለሽ ነው?» አለችኝ። መልስ አጣሁ።

ይህን ያነሳብኝ አንድ ካሴት ነው። በ1979 ዓ.ም. አክስቴ ስታገባ አባቴ ዳሱ ውስጥ ሆኖ በቴፕ የቀዳው ነው። ከሰባ ሰባቱ ድርቅ ወዲህ በሰፈራችን የመጀመሪያው ትልቅ ድግስ ነበር። ሁለት በሬ ታረደ። አንዱን እስላም ጎረቤቶቻችን ራሳቸው አርደው በራሳቸው ድስት ሠሩት፤ የተቀመጥነው ግን ሁላችንም በአንድ ዳስ። እንጀራው የመጣው ከየቤቱ ነው፤ እናቴ የማን መሶብ የማን እንደሆነ እንዳይጠፋባት ክር አስራበት ነበር። ሰዓት እላፊ ስለነበረ የመጣ እንግዳ እስኪነጋ አይወጣም። መሰንቆው አምባሰል ሲጀምር ሾፌሩም፣ አስተማሪውም፣ ጠላ ቀጂዋም ሳትቀር «ተቀበል!» ትልና ሁለት ስንኝ ታወጣለች። አባቴ ቃል ከአፉ የማይወጣ ሰው ነበር። እሱ እንኳ ያን ለት ተነስቶ እንዲህ አለ፦

ጉሙ ከጦሳ ላይ ተገፍፎ ሲጠራ፣
ከሞት የተረፈው ለሠርጉ ተጠራ።

ጫጫታው ጸጥ ሲል፣ ከዚያ ሴቶቹ ሲያለቅሱ ካሴቱ ላይ ይሰማል። አባቴ አሁን የለም። ድምፁ ያለው እዚያ ብቻ ነው።

የማሪቱ ለገሠ አምባሰል ስልኬ ላይ አለ፤ ሳልሰማው የማድርበት ቀን የለም። ግን እሷን ቁጭ ብዬ ነው የማደምጣት። በዚያ ዳስ ውስጥ ተራ ይደርስሻል፤ ሲደርስሽ የምትይው ሊኖርሽ ይገባል። የናፈቀኝ እሱ ነው።

ካሴቱ አሁን አልዞር ብሏል፤ ያቃስትና ቀጥ ይላል። እንዴት ላድነው? ግጥም የሚቀበል ባለመሰንቆስ፣ ግጥም የሚሰጥ እንግዳስ አለ?

ቴፕ ጠጋኝ፦
እህቴ፣ እባክሽ ደግመሽ እንዳታስገቢው! ክሩ ከተበላ አለቀ። የካሴቱ ቤት ብሎን ካለው በትንሽ መፍቻ ይፈታል። የተለጠፈ ከሆነ ብሎን ያለው ሌላ ካሴት ፈልጊና ሁለቱን ጥቅልሎች ወደዚያ አዛውሪ። ፊት ለፊት፣ ክሩ በሚታይበት በኩል፣ ሱፍ የተለጠፈባት ቀጭን የብረት ምላስ አለች፤ ሙጫዋ ደርቆ ሱፏ ከወደቀች ድምፁ ይደበዝዛል። ከዚያ በቢክ እስክሪብቶ ቀስ እያልሽ ከዳር እስከ ዳር በእጅ አዙሪው። የቴፑን ሄድ፣ ክሩን የሚያነበውን ብረት፣ በጥጥና በአልኮል ጥረጊ። ከኋላው ያሉት ሁለት ጥርሶች ካልተሰበሩ ስበሪያቸው፤ ስንት ሠርግ ላይ ልጆች ሬዲዮ ቀድተውበት ጠፍቷል። ሲዞር ከቴፑ በገመድ ወደ ኮምፒውተር ቅጂውና ድምፁ ሳይቀነስ በሚያዝበት በዌቭ ፋይል አስቀምጪው፤ ኤምፒስሪ ለመላላኪያ ነው። ደግሞ «መጀመሪያ ልስማው» አትበይ። ያረጀ ክር ሁለተኛ ላይዞር ይችላል፤ የመጀመሪያው ዙር የመቅጃው ይሁን።

ኦርጋን ተጫዋች፦
እናቴ፣ እኔ በየሳምንቱ ሠርግ ላይ ኦርጋን እጫወታለሁ። «ወሎ ወሎ» ሲሉኝ ከምቱ ጋር አፍጥኜ እሰጣለሁ፤ ሰው ይጨፍራል። አንድ ጊዜ አንድ አባት ማይክ ተቀብለው የመጀመሪያውን ስንኝ ብለው ሁለተኛውን ሲያስቡ ምቱ ጥሏቸው ሄደ። ተቀመጡ። እስካሁን ያሳዝነኛል። መሰንቆ ስንኙን ደጋግሞ፣ በመሃልም ብቻውን እየተጫወተ ይጠብቅዎታል፤ ያ ጊዜ የማሰቢያ ነው። ምቱን ዘግቼ ብሞክርም እኔ ግጥም መቀበል አልተማርኩም። አምባሰልና ባቲ የገዛ አገራችን ስም ሆነው፣ አንዱ ከደሴ ወደ ሰሜን፣ አንዱ ከኮምቦልቻ ወደ ምሥራቅ፣ እኔ ቅኝቶቹን የተማርኩት ከስልክ ላይ ነው። በልጅዎ አይፍረዱባት፤ ያስተማራት የለም።

የባለመሰንቆ ልጅ፦
እህት ዓለም፣ ጽሑፍሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አባቴ በነዚያ ዓመታት ደሴና ሐይቅ እየተመላለሰ ሠርግ ላይ መሰንቆ ይጫወት ነበር። እስኪነጋ ይቀበላል፤ የማንንም ግጥም አይጥልም፣ የተሰበረውንም አቃንቶ ነበር የሚመልሰው። ምግብ ሲቀርብ ግን ከዳሱ በር አጠገብ ነበር የሚሰጠው። ታላቅ ወንድሜ ልጅ ቢያስጠይቅ «የአዝማሪ ዘር» ብለው መለሱለት። የመለሱት ሰዎች ሠርጋቸው ላይ አባቴ የዘፈነላቸው ናቸው። ያ ዘመን ሰው ከሰው ይቀራረብ ነበር ስትሉ እውነት ነው፤ እኔም ያየሁት ነው። አባቴ ግን መሃል ላይ ቆሞ ሁሉን ሲያቀራርብ እሱ ራሱ ውጭ ነበር። እኔ መሰንቆ እችላለሁ። ጭራውን ራሴ እለውጣለሁ፣ ማታ ማታ ለልጆቼ እጫወታለሁ። ሠርግ ግን ሄጄ አላውቅም።

የሰኞ ገበያ ልጅ፦
ቴፕ ጠጋኝ፣ እግዜር ይስጥህ፤ ዞረ። እንዳልከው ሳልሰማ ቀድቼ፣ ሌሊቱን ከልጄ ጋር ከኮምፒውተሩ ሰማነው። አባቴን ሰማሁት። ልጄም አያቷን ሰማች፤ ጠዋት ስትነሳ ሁለት ስንኝ ጽፋ አሳየችኝ፣ አንዱ ቤት አይመታም፣ እናስተካክለዋለን።

የባለመሰንቆ ልጅ፣ አንተን ካነበብኩ በኋላ ቅጂውን እንደገና ከፍቼ አባቴን ትቼ ባለመሰንቆውን ብቻ ተከተልኩት። በዘፈኑ መሃል ሦስት ጊዜ ውኃ ይጠይቃል። ሁለቱን ጊዜ የሚመልስለት ሰው አይሰማም። ይህን ሁሉ ዓመት ስሰማው አንድም ቀን ጆሮዬ አልገባም ነበር። ስሙንም አላውቀው፤ በቤታችን የሚያውቅ ሰው ቢኖር ብዬ አክስቴን ጠየቅኋት፣ እሷም አታውቀውም።

ለሠርጉ ልጥራህ። ለመጫወት አይደለም፤ መሰንቆህን ቤት ብትተወውም ቅር አይለኝም። ባለቤትህንና ልጆችህን ይዘህ ና፤ መቀመጫችሁ ከወንድሜ ጎን፣ ከሙሽሮቹ ፊት ለፊት ነው።