ለ5 ዓመት ልጅ ኮምፒውተር ማስለመጃ ምን ሶፍትዌር ይሻላል? ታብሌት ላይ አንደኛ ናት ማውዝ ግን እምቢ አላት

የማሂ እናት

ሰላም ለሁላችሁ። ልጄ 5 ዓመቷ ነው፣ ታብሌት ላይ ከኔ ትበልጣለች ብል ማጋነን አይሆንም፣ ራሷ ከፍታ የምትፈልገውን ራሷ ፈልጋ ታወጣለች። ባለፈው ሳምንት አሮጌውን ላፕቶፕ አጽድቼ በይ ይሄ ያንቺ ነው ብዬ ፊቷ ሳስቀምጥላት መጀመሪያ ያደረገችው ስክሪኑን በጣቷ መግፋት ነው። ገፋች ገፋች፣ አልሄድ ሲላት ዞር ብላ አየችኝና "እማ ይሄኛው ተበላሽቷል" አለችኝ 😂 ከዛ ማውዝ ሰክቼ ሰጠኋት፣ እሱ ደግሞ ሌላ ጣጣ። ማውዙን እየገፋች ጠረጴዛው ጫፍ ታደርስና እዛው ተገትራ ትቀራለች፣ አንስቶ መሃል ላይ መመለስ የሚባል ነገር አይመጣላትም። ደብል ክሊክማ ተዉት፣ አንዱን ጠቅ ታደርግና እጇ ተንሸራቶ ሁለተኛው ሌላ ቦታ ያርፋል።

እና ለዚህ እድሜ ማውዝና ኪቦርድ የሚያስለምድ ደህና ሶፍትዌር የምታውቁ አላችሁ? እኔ አውርጄ ያየኋቸው ወይ በየወሩ ክፈሉ ይላሉ ወይ ግማሹ ማስታወቂያ ነው። ያለ ኢንተርኔት ቢሰራ ደስ ይለኛል። ደግሞ ሰዉ ሁሉ ከአሁኑ ኮዲንግ (ለኮምፒውተር ትዕዛዝ መስጠት) አስጀምሪያት ይለኛል፣ የምር ነው ወይስ ማካበድ ነው? የወንድሜ ልጅም አብሯት ይቀመጣል 7 ዓመቱ ነው፣ ለሱም የሚሆን ካለ።

ፔንግዊኑ

ጂኮምፕሪ አውርጂ እህቴ፣ ሌላ አትፈልጊ። ከ2 እስከ 10 ዓመት ላሉ ልጆች የተሰራ ነው፣ ነፃ ነው፣ ማስታወቂያ የሚባል የለውም፣ አንዴ ከተጫነ ኢንተርኔት አያስፈልገውም፣ ዊንዶውስም ሊኑክስም አንድሮይድም ላይ ይሰራል። በፈረንጆቹ 2000 ላይ አንድ ፈረንሳዊ ፕሮግራመር የጀመረው ነገር ነው፣ ስሙም በፈረንሳይኛ "ገባኝ" ከሚለው ጋር እንዲመሳሰል ተብሎ የወጣ ነው። ውስጡ ከ100 በላይ ጨዋታ አለ፣ ሂሳብም ፊደልም ቼዝም፣ አንቺ ግን ለጊዜው የማውዙን ክፍል ብቻ ክፈቺላት።

እዛ ውስጥ ስዕል የሚሸፍኑ ካሬዎች አሉ። መጀመሪያ ላይ ክሊክ የለም፣ ማውዙን በላያቸው ማሳለፍ ብቻ ነው፣ ሲያልፍባቸው ይጠፉና ከስር ያለው ስዕል ይወጣል። ቀጣዩ ጨዋታ ያው ራሱ ነው ግን አንዴ ክሊክ ይፈልጋል፣ ከሱ ቀጥሎ ያለው ደብል ክሊክ። ቅደም ተከተሉን የሰራው ሰው ልጅ ያሳደገ ነው የሚመስለው። የእሳት አደጋው አለልሽ ደግሞ፣ የውሃውን ጎማ ተከትላ ማውዙን ከመስመር ሳታወጣ እስከ እሳቱ ድረስ ትወስዳለች፣ የኔዎቹ በሱ ተጣልተው ያውቃሉ።

መምህር ዘ ላብ

ፔንግዊኑ ያለው ልክ ነው፣ ግን ከሶፍትዌሩ በፊት ማሽኑን ለልጅ አስተካክይው። ትንንሽ ልጆች ኮምፒውተር ሳስተምር ብዙ ዓመቴ ነው፣ "ልጄ አልገባትም" የሚባለው ግማሹ የሴቲንግ ችግር ሆኖ ነው የማገኘው። የማውዙ ሴቲንግ ውስጥ ግቢና የፖይንተሩን ፍጥነት ቀንሺ፣ መጠኑን አተልቂ፣ የደብል ክሊኩን ፍጥነት ወደ ቀርፋፋው ጎትቺው። ይሄን ብቻ ስታደርጊ የልጁ ፊት ሲለወጥ ታያለሽ። ማውዙ ራሱ ትንሽ ቢሆን ይሻላል፣ የአዋቂው ለነሱ እንደ ጡብ ነው፣ በሙሉ መዳፋቸው ጨምቀው ሲይዙት ሁለቱንም በተን ነው የሚጫኑት። እኔ የግራው በተን ላይ ትንሽ ስቲከር ለጥፌ "ጣት የሚተኛው እዚህ ነው" እላቸዋለሁ።

አንድ ልጅ ነበረኝ፣ በየደቂቃው እጁን ያወጣል፣ "መምህር ኮምፒውተሩ ጮኸብኝ"። ሄጄ ሳይ አንድ መስኮት ተከፍቶበታል፣ እዘጋለታለሁ፣ ጀርባዬን ሳዞር ደግሞ ይጮህበታል። ቫይረስ ነው ብዬ ስካን ሁሉ አድርጌያለሁ። ለካ ልጁ የሚጠብቅ ጊዜ ሺፍትን እንደ ከበሮ ይመታታል፣ ትልቅ ቁልፍ ስለሆነች ሳትወደድለት አትቀርም። ዊንዶውስ ላይ ሺፍት 5 ጊዜ ተከታትሎ ሲመታ ስቲኪ ኪይስ የሚባለው ይመጣል፣ ጣት በደንብ ለማይታዘዝላቸው ሰዎች የተሰራ ጥሩ ነገር ነው፣ ለልጅ ግን ማስደንገጫ ነው። ሴቲንግ ገብተሽ ያንን አቋራጭ አጥፊው።

ሌላው ቱክስ ፔይንት ነው። ከ2002 ጀምሮ ያለ የስዕል ፕሮግራም ነው፣ ከ3 እስከ 12 ዓመት ይላሉ። የምወድለት ሴቭ ሲደረግ ስም አይጠይቅም፣ የት ፎልደር አይልም፣ ጠቅ፣ በቃ ተቀመጠ። መልሳ ስትከፍት ስዕሎቿ በትንንሹ ተደርድረው ይመጡላታል፣ ማንበብ አያስፈልጋትም። ለ7 ዓመቱ ልጅ ግን ይሄው ጥሩ ነገሩ ጉድለት ነው፣ ፋይል ማለት ምን እንደሆነ ሳያውቅ ያድጋል፣ ስለዚህ ለሱ ስም ሰጥቶ ሴቭ የሚያደርግበት ሌላ ነገርም ክፈቺለት።

ታይፒንግን በ10 ጣት አሁን አታንሺው፣ እጃቸው አይደርስም። ግን ይቺን ልብ በይ፣ ኪቦርዱ ላይ ያሉት ፊደሎች ካፒታል ናቸው፣ ልጅሽ የለመደችው ትንሹን ከሆነ ጂኮምፕሪ ላይ ፊደል ከላይ እየወረደ ሲመጣ ቁልፉን ፍለጋ ላይና ታች እያለች ይደክማታል። ትንሹን ፊደል ጽፈሽ በፕላስተር ለጥፊላት።

ኮዳሚው

ይቅርታ አድርጉልኝና ማውዝ ማስለመድ ላይ ይሄን ያህል መድከም ምን ይሰራል? እሷ ስታድግ ሁሉም ነገር ተች ነው የሚሆነው። እኔ ለልጄ ስክራች ጁኒየር ነው የሰጠሁት፣ ትዕዛዝ የያዙ ብሎኮች እያጋጠሙ ስክሪኑ ላይ ያለችውን ድመት የሚያንቀሳቅሱበት ነው፣ በ2014 የወጣ ነው፣ ከ5 እስከ 7 ዓመት ላሉ ተብሎ የተሰራ፣ ብሎኮቹ ላይ ጽሁፍ የለም ቀስትና ስዕል ብቻ ነው፣ እዛው የለመዱት ታብሌት ላይ ይሰራል። ልጄ ድመቷን በቤቱ ጣራ ላይ አዝልሎ ሲስቅ ብታዩት። ከ8 ዓመት በኋላ ደግሞ ዋናው ስክራች አለ፣ ኤምአይቲ በ2007 ያወጣው፣ ቋንቋውን ወደ አማርኛ መቀየር ይቻላል፣ ይሄን ብዙ ሰው አያውቅም። ኮዲንግ ማካበድ አይደለም እህቴ፣ ሎጎ የሚባለው ለልጆች የተሰራው ቋንቋ እኮ 1967 ነው የተጀመረው፣ ፈረንጁ ከዛ ብዙም ሳይቆይ ጀምሮ ልጆቹን በትዕዛዝ የምትሄድ ኤሊ እያስነዳ ነው።

መምህር ዘ ላብ

ወንድሜ ስክራች ጁኒየርን እኔም እወደዋለሁ፣ ታብሌት ላይ እስከሆነች ድረስ አስጀምሪያት እላለሁ። ግን "ማውዝ ምን ይሰራል" ያልከው ላይ አልስማማም። ዋናውን ስክራች ኮምፒውተር ላይ ስትከፍተው ከላይ እስከ ታች ድራግ ነው፣ ብሎክ ይዘህ ጎትተህ ሌላው ላይ ማጋጠም። ለትንሽ ልጅ ደግሞ ከማውዝ ስራ ሁሉ የሚከብደው ድራግ ነው፣ በተኑን ተጭኖ ይዞ እጅን ማንቀሳቀስ ሁለት ስራ ባንድ ጊዜ ነው፣ ግማሽ መንገድ ላይ ጣቷ ይላላና ብሎኩ ይወድቃል። አስር ጊዜ ሲወድቅባቸው "ኮዲንግ አልወድም" የሚሉ ልጆች አይቻለሁ፣ የጠሉት ኮዲንጉን ሳይሆን መጎተቱን ነው። ማሂ እስክትለምድ ዊንዶውስ ላይ ክሊክ ሎክ የሚባል አለ፣ ትንሽ ተጭና ስትለቀው ራሱ ይዞ ይጎትትላታል፣ ሲደርስ ደግማ ጠቅ ታደርጋለች። መሸጋገሪያ ይሆናል።

ሎጎን ካነሳህ አይቀር፣ ኤሊው ያለ ኮምፒውተርም ይሰራል። አንዱ ልጅ ኤሊ ይሆናል አንዱ ያዛል፣ "3 እርምጃ ወደፊት፣ ወደ ቀኝ ዙር"። ኤሊ የሆነው የተባለውን ብቻ ነው የሚያደርገው፣ ግድግዳ ጋ ቢደርስም ቁም ካልተባለ መግፋት ነው 😄

ዝም አልልም

ኮምፒውተር ላይ 20 ደቂቃ ከበቂ በላይ ነው ለ5 ዓመት ልጅ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ባወጣው ከ2 እስከ 4 ዓመት ላሉት ስክሪን ፊት መቀመጥ በቀን ከ1 ሰዓት አይብለጥ ነው የሚለው፣ ያነሰ ከሆነ ይሻላል ብሎ። ታብሌቱንም ደምራችሁ ቁጠሩ፣ ላፕቶፑ ትምህርት ነው ተብሎ አይዘለልም። ደግሞ አጠገቧ ቁጭ በይ፣ ከፍተሽላት ወጥ ልትሰሪ አትሂጂ።

የማሂ እናት

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ በተለይ መምህር እርስዎን። ሶስት ሳምንት ሞክሬ ነው የመጣሁት። የፖይንተሩን ፍጥነት ቀንሼ ስቲከሩን ለጥፌ (አበባ መረጠች) ጂኮምፕሪን ከፈትኩላት፣ ካሬዎቹን ማጥፋት በሁለት ቀን ለመደችው፣ ማውዙን አንስታ መመለሱን ማንም ሳይነግራት ራሷ አወቀችው። ደብል ክሊክ አሁንም ከአምስት ሁለቱ ነው የሚሳካላት። የእሳት አደጋዋን ትወደዋለች፣ ግን እሳቱ እንዳይጠፋባት ሆን ብላ ከመስመር ትወጣለች፣ ምክንያቱን ብጠይቃት "ያልቃላ" አለችኝ።

የወንድሜ ልጅ ታይፒንጉን አንዴ ሞክሮ ሰለቸው፣ የኤሊውን ጨዋታ ግን ስሙን ብቻ ቀይሮ ቤቱን ሁሉ እያዘዘን ነው። ትላንት እኔን ሮቦት አድርጎ ወደፊት 20 ብሎ ጠፋ።

አንድ ጥያቄ ብቻ ቀረችኝ፣ ቱክስ ፔይንት ላይ የሳለቻቸው ስዕሎች 40 ምናምን ደርሰዋል፣ ለአያቷ ልላክላቸው ብዬ ላፕቶፑን ባስሰው የትም ፎልደር ላይ አጣኋቸው።

ፔንግዊኑ

ከተደበቀ ፎልደር ውስጥ ነው የሚያስቀምጣቸው፣ አትድከሚ። ቱክስ ፔይንት ውስጥ ኦፕን በይና ስዕሉን መርጠሽ ኤክስፖርት የሚለውን ንኪው፣ ፎቶዎችሽ ካሉበት ፎልደር ያወጣልሻል። ኤክስፖርት የሚል ካላየሽ የቆየ ቨርዥን ነው ያለሽ፣ አዲሱን ጫኚ።