ትኋን የገባበት ምንጣፍ ይጣላል ወይስ ይተርፋል?

ዳሞት_ማዶ (ጠያቂ)፦
ሰላም ለቤቱ። ቤቱ ደብረ ማርቆስ ነው፤ የጭቃ ቤት፣ ግድግዳው ጋዜጣ የተለጠፈበት። መሬቱ ላይ ሁለት ነገር ተነጥፏል። አንዱ የበግ ጠጉር ባና ነው። ሌላው ከገበያ የተገዛ፣ ጀርባው ሙጫ ያለው የሰው ሠራሽ ክር ስጋጃ ነው። ሁለቱም አልጋው ሥር ይገባሉ። ሁለት ጊዜ ፍሊት ተነፋ፤ ጥቂት ቀን ጋብ ይልና እንደገና ይበላናል። አንዱ «አቃጥለው» ይላል፣ ሌላው «የነቀዝ ክኒን ከምንጣፉ ሥር ወሽቅበት» ይላል። የቱ ይሻላል?

ጤና_ጠባቂ፦
ከሁሉ በፊት ያንን ክኒን ከቤት አውጣው። የነቀዝ ክኒን አሉሚኒየም ፎስፋይድ ነው፤ የአየር እርጥበት ሲነካው ፎስፊን የሚባል ጋዝ ይለቃል። ማርከሻ የለውም። ሰው በተኛበት ክፍል አንድ ፍሬ እንኳ ማስቀመጥ ቤተሰብ ሊጨርስ ይችላል፤ ሕፃናት ደግሞ ይቀድማሉ። ለእህል የሚነሰነሰው የማላታይን ዱቄትም መኝታ ላይ አይደረግም። ቤንዚንና ናፍጣ መቀባትም ቤቱን ለእሳት መስጠት ነው።

ሁለተኛ፣ የሚበላችሁ ትኋን መሆኑን አረጋግጥ። በጎች በሚያድሩበት ቤት ብዙ ጊዜ ቁንጫ ነው ከምንጣፍ የሚወጣው። ቁንጫ ትዘላለች፣ በብዛት ቁርጭምጭሚት ትነክሳለች። ትኋን አትዘልም፣ አትበርም፤ ትሄዳለች። ያልጠገበችው የምስር ክክ ታክላለች፣ ጠፍጣፋና ቡናማ ናት። ማታ በእጅ ባትሪ የባናውን ጠርዝ ገልብጠህ እይ፤ በቢክ የተነጠበ የሚመስል ጥቁር ነጥብ ካለ እርጥብ ነጭ ጨርቅ ጫንበት። ቀይ ቡናማ ሆኖ ከተቀባ ኩሷ ነው።

ባለ_ልስን፦
ጤና_ጠባቂ ስለ ክኒኑ ያለው ላይ የሚጨመር የለም። እኔ ግን ምንጣፉ ላይ ብዙ ባትደክም እላለሁ። ለትኋን ምንጣፍ መንገድ ነው፤ ቤቷ የአልጋው ማያያዣ፣ የፍራሹ ስፌትና ያ የተለጠፈው ጋዜጣ ነው። ስጋጃውን ብታቃጥለው በሦስተኛው ቀን አዲሱ ላይ ታገኛታለህ። የመታወቂያ ካርድ ጠርዝ የሚገባበት ስንጥቅ ይበቃታል።

ጋዜጣውን ሙሉ በሙሉ ላጠውና ያኑ ዕለት ውጭ አቃጥለው። ስንጥቁን በጭቃ፣ በደቃቅ ጭድና በእበት ምረገው። አንድ ዙር አይበቃም፤ የመጀመሪያው ሲደርቅ ራሱ ይሰነጠቃልና በደረቀ በሳምንቱ ቀጭን ሁለተኛ ልስን ድገምበት። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሰንፋል።

አልጋውን ከግድግዳ አንድ ክንድ አርቀው። አራቱንም እግሮች ባዶ የቲማቲም ጣሳ ውስጥ አቁምና ከሥር ሁለት ጣት ያህል የሳሙና ውኃ ጨምርበት። የጣሳው ውስጥ ልሙጥ ስለሆነ የወደቀች አትወጣም። ከውጭ በኩል ግን ጨርቅ ጠቅልልበት፤ ልሙጥ ከሆነ ወደ ጣሳው መውጣት ያቅታትና ወጥመዱ ምን ያህል እንደቀረ አይነግርህም። ጋቢ ወይም አንሶላ መሬት ከነካ ይህ ሁሉ ከንቱ ነው።

ዳሞት_ማዶ፦
እሺ፣ ግድግዳውን እንጀምራለን። ምንጣፎቹስ? ፀሐይ ላይ ማስጣት አይበቃም?

ክር_አዋቂ፦
እንደ ልብስ ገመድ ላይ ካሰጣኸው አይበቃም። ትኋኗ ፀሐዩ ካለበት ወደ ጥላው ጀርባ ትዞራለች፤ ሲብስባት ትወርድና በመሠረቱ ስንጥቅ ተመልሳ ትገባለች። በዱላ መደብደብም አዋቂዎቹን ያረግፋል እንጂ እንቁላሉን አያነሳውም፤ በሙጫ የተጣበቀ ነው። የምትገድላት ሙቀት ናት፦ መሐሉ ድረስ 50 ዲግሪ ለሁለት ሰዓት።

ፀሐይን ለመጠቀም ከቤት ራቅ በል። መሬት ላይ ወፍራም ጭድ አንጥፍ፣ አለዚያ አፈሩ ሙቀቱን ይመጠዋል። ምንጣፉን ሳትጠቀልል፣ ሳታጥፍ በጥቁር ላስቲክ ከላይም ከታችም ሸፍነህ ዙሪያውን በአፈር ድፈነው። ከ5 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ይቆይ። ቴርሞሜትር በምንጣፉና በታችኛው ላስቲክ መካከል አስገብተህ ካላየህ «ሞቋል» አትበል። ለማርቆስ ብርድ የካቲትና መጋቢት ይሻላሉ፤ በክረምት ጭራሽ አትሞክረው።

ፀሐዩ ካልተመቸህ ሁለቱ ምንጣፎች የየራሳቸው አያያዝ አላቸው። ባናው ከፈላ ውኃ ጋር አይገናኝ፤ ይጨማደዳል፣ እንደ ጥቅጥቅ ቡርኖስ ሆኖ ያርፋል። የጥጥ ጨርቅ አርጥበህ አልብሰውና በጋለ ካውያ ጫነው። ካውያውን አታንሸራት፤ ባለበት 15 ሰከንድ ያህል ያዘው፣ ከዚያ ቀጣዩን። ሁለቱንም ፊት፣ በተለይ ጠርዝና ስፌቱን።

ስጋጃው ላይ ግን ካውያ ይከለከል፤ ክሩ ይቀልጣል። ድንጋይ ላይ በጀርባው ዘርጋውና ከጀበና አፍ በቀጭኑ የፈላ ውኃ ጠርዝ ጠርዙን አጠጣው፣ አንድ ስንዝር ሳይርስ ወደሚቀጥለው አትለፍ። ማርቆስ ከፍታው 2,400 ሜትር ገደማ ስለሆነ ውኃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ያም ይበቃል፣ ግን ከእሳት እንደወረደ ይፍሰስ። አትዘፍዝፈው፣ የጀርባው ሙጫ ይለቃል። በዚያው ቀን እንዲደርቅ በጠዋት ጀምር።

ጤና_ጠባቂ፦
ፍሊቱ ለምን አልሠራም ላልከው፦ ብዙዎቹ የሚነፉ መድኃኒቶች ፓይረትሮይድ ከሚባለው የተባይ መርዝ ወገን ናቸው፣ ትኋን ደግሞ በብዙ አገር ተላምዳዋለች። ዲዲቲንም እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ መጨረሻ ጀምራ ተላምዳው ነበር። የተነፋው ሲሸታት ወደ ጎረቤት ክፍል መበተንም አለ።

ሌላው እንቁላሉ ነው። በሞቀ ቤት ከ6 እስከ 10 ቀን ይፈለፈላል። እንደ ማርቆስ ባለ ብርድ ቤት ግን 3 ሳምንት ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ «በ2 ሳምንት ድገም» የሚለው ምክር ለቆላ ነው፤ አንተ በ2ኛውም በ4ኛውም ሳምንት ድገመው፣ አልጋና ምንጣፍ በአንድ ቀን። ማዳበሪያ ውስጥ አስሮ ማስራብ የሚሉህም አሉ፤ ሳትበላ ወራት ስለምትቆይ አትጠብቃት።

ባለ_ልስን፦
ጣሳዎቹን ሁለት ወር አታንሳ። በየሳምንቱ ውኃውን ቀይርና የወደቀውን ቁጠር፤ ከየትኛው እግር እንደበዛ ጻፍ። በአንዱ ብቻ ከበዛ በዚያ በኩል ያለውን ግድግዳ ወይም ያንን የምንጣፍ ጠርዝ ደግመህ ክፈት።

ዳሞት_ማዶ፦
ክኒኑ ወጥቷል። ጋዜጣው ቅዳሜ ይላጣል።