የሊቲየም-ሰልፈር ካታሊስት፦ የጋራ ፕሮፖዛላችን ዓላማ ምን ይሁን?

ጸሐፊ፦ ጤና ይስጥልኝ። ርዕሱ ላይ፣ ማለትም የሊቲየም-ሰልፈር ባትሪን ኬሚካዊ ለውጥ በሚያፋጥን ቁስ (ካታሊስት) ላይ፣ ተስማምተናል፤ ዓላማው ላይ ግን ገና ነን። ረቂቁ «ፈጣን ካታሊስት እንሠራለን» ይላል። ይበቃል?

የሙከራ ቡድን፦ አይበቃም። ሰልፈር በስሌት በግራም 1,675 ሚሊአምፔር-ሰዓት ይይዛል። ጣጣው መሃል ላይ ነው። ባትሪው ኃይል ሲሰጥ ሰልፈሩ ፖሊሰልፋይድ (የሊቲየምና የሰልፈር ውህድ) ሆኖ ኤሌክትሮላይቱ፣ ማለትም የባትሪው ፈሳሽ፣ ውስጥ ይሟሟል፤ ወደ ሊቲየሙ እየተመላለሰም ይባክናል። ካታሊስቱ ይዞ ቶሎ ወደ ጠጣር ሊቲየም ሰልፋይድ እንዲለውጠው እንፈልጋለን። ይሄ ጠጣር ደግሞ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። የካታሊስቱን ገጽ ሸፍኖት ቁጭ ይላል።

የስሌት ቡድን፦ ለዚህ እኮ ነው ፖሊሰልፋይዱን አጥብቆ የያዘ ካታሊስት ሁሉ ጥሩ አይደለም የምንለው። ከላላ ያመልጣል፣ ከጠበቀ አይለቅም። እኛ ናይትሮጅን ባለው ካርቦን ላይ የተቀመጡ ነጠላ የኮባልት አቶሞችን እናሰላለን።

የሙከራ ቡድን፦ አስሉ፣ ደግ ነው። ግን ያ ገጽ ከብዙ የመሙላትና የመጠቀም ዙር በኋላም እንዳለ መሆኑን ማን አየ? አቶሞቹ ሊሰባሰቡ ይችላሉ። አንዳንድ የሜታል ኦክሳይዶችም ባትሪው ውስጥ ገጻቸው ወደ ሰልፋይድ ይለወጣል፤ ያስገባነውና የሚሠራው ሌላ ሌላ ነው። ስለዚህ ሴሉን (የሙከራ ባትሪውን) ፈትተን በኤክስሬይ እንየው። ጽናት አንደኛ ዓላማ ይሁን።

እና ያቺን የብልቃጥ ፎቶ እንተዋት። ዱቄት ሲጨመር የፖሊሰልፋይዱ ቢጫነት መጥፋቱ ያምራል፤ የሚያሳየው ግን መጣበቅን እንጂ ፍጥነትን አይደለም። በ2.05 ቮልት ይዘን ሊቲየም ሰልፋይዱ እንዴት እንደሚያድግ ብንለካ ይሻላል።

የሴል ቡድን፦ በካሬ ሴንቲሜትር 1 ሚሊግራም ሰልፈር ቀብተን በኤሌክትሮላይት ካጥለቀለቅነው ሁሉም ካታሊስት ጎበዝ ነው። 5 ሚሊግራም ይሁን። ኤሌክትሮላይቱም በአንድ ሚሊግራም ሰልፈር ከ5 ማይክሮሊትር አይለፍ።

የስሌት ቡድን፦ ኧረ! ቁጥራችን ይወርዳላ።

የሴል ቡድን፦ ይውረድ።

አዲስ አባል፦ ይቅርታ፣ የዳሎልን ድኝ፣ ማለትም ሰልፈር፣ ብንጠቅስስ? ገምጋሚዎችን ይስባል።

ጸሐፊ፦ ወንድሜ፣ ሐሳቡ ደስ ይላል። ሰልፈር ግን ከነዳጅ ማጣሪያ ተረፈ ምርት ሆኖ በርካሽ ይወጣል። እኛን የቸገረን እሱ አይደለም፤ ለሌላ ፕሮፖዛል ይቆየን። ጽናት አንደኛ ይሁን፣ የሴል ቡድን ልኬቶችም ይግቡ። ተቃውሞ አለ?

የሙከራ ቡድን፦ አንድ ነገር ቀርቷል። ያው ካርቦን ያለ ኮባልት ለማነጻጸሪያ ይሠራ። እሱ ከሌለ እኔ አልፈርምም።

ጸሐፊ፦ ገብቷል። የስሌት ቡድን ክፍል ሁለትን እስከ ሐሙስ ያድርስልን።