ከተማችን ኢንዱስትሪ ፓርክ ሊገባ ነው አሉ፣ ይጠቅመናል ትላላችሁ?

ባለሱቁ፦
ሰላም ቤተሰብ። ያለሁት ትንሽ ከተማ ነው፣ ባለፈው ቀበሌ ሰብስቦን ኢንዱስትሪ ፓርክ ሊሰራ ነው ልጆቻችሁ ስራ ይይዛሉ ምናምን ተባለና ሰው አጨበጨበ፣ እኔም አጨብጭቤያለሁ አልዋሽም፣ ማታ ግን የአጎቴ ማሳ እዛው መሃል ላይ እንደሆነ ትዝ ሲለኝ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ለሱቄ ደሞ ሰው ቢበዛ ደስ ነው የሚለኝ። ፓርክ ያለበት ከተማ የኖራችሁ እስቲ እውነቱን ንገሩኝ።

የሐዋሳዋ፦
እኔ ሐዋሳ ፓርክ የስፌት ማሽን ኦፕሬተር ነበርኩ። በ2008 ሐምሌ ሲመረቅ 60 ሺህ ሰው ይቀጥራል ነበር የሚባለው፣ እዛ ቁጥር ላይ ሳይደርስ ነው ነገሩ የተበላሸው። የኔ መነሻ ደሞዝ ከሺ ብር በታች፣ ለግል ድርጅት ደሞ ዝቅተኛ የደሞዝ ወለል የሚባል ነገር አልነበረም፣ አራት ሆነን አንድ ክፍል ተከራይተን እየተፈራረቅን ነበር የምንተኛው፣ ሀብታም የሆኑት አከራዮቹ ናቸው ሃሃ። ግን የራሴን ብር በእጄ የያዝኩት እዛ ነው፣ ይሄንን አልክድም። ከዛ ፒቪኤች የሚባለው የአሜሪካ የልብስ ድርጅት በ2014 ህዳር ፋብሪካውን ዘጋ፣ ታህሳስ ላይ አሜሪካ ከአጎዋ፣ ማለትም ያለ ቀረጥ እሷ ጋ ከምንሸጥበት እድል፣ አስወጣችን፣ ብዙ ልጅ ሻንጣውን ይዞ ወደ ገጠሩ ተመለሰ። ዋሽንግተን የተወሰነ ነገር ነው እኛን ያስወጣን።

የገበሬ ልጅ፦
ስለ አጎትህ ልንገርህ። በአዋጅ 1161/2011 መሬቱ ለዘለቄታው ከተወሰደ ካሳው የሚሰላው ከመወሰዱ በፊት ባሉት 3 ዓመታት ካገኙት ከፍተኛው ዓመታዊ ገቢ በ15 ተባዝቶ ነው፣ ስለዚህ ዋናው ጉዳይ ብሩ ሲከፈል ሳይሆን ገቢው ሲመዘገብ ነው። ንብረት ቆጥረው ለሚመዘግቡት ሰዎች ማሳውን አጎትህ ራሳቸው ያሳዩዋቸው፣ ባህር ዛፉን አጥሩን ጉድጓዱን አንድ በአንድ። አባቴ ለቅሶ ሄዶ እያለ ነው የመጡት፣ ባህር ዛፉ ሳይቆጠር ቀረ፣ ስንት ዓመት ተመላለስን። ብሩም ቶሎ ነው የሚያልቀው፣ ታላቅ ወንድሜ ባጃጅ ገዛበት፣ ባጃጁ አሁን ደጃፋችን ላይ የዶሮ ማደሪያ ሆኗል።

ጎጃሜው፦
ፓርክ ሁሉ አንድ አይደለም እኮ። ሐዋሳ ጨርቁ በአብዛኛው ከውጭ መጥቶ ተሰፍቶ ይወጣል፣ ቡሬና ይርጋለም ያሉት ግን አግሮ ኢንዱስትሪ ናቸው፣ የታሰቡት የአካባቢውን ምርት እንዲያቀነባብሩ ነው። እንደዛ ከሆነ ፓርክ ውስጥ ያልተቀጠረውም ገበሬ ለምርቱ ገበያ ያገኛል። እናንተ ጋ ምንድነው የሚመረተው? ሼዱንስ፣ የፋብሪካውን አዳራሽ ማለቴ ነው፣ ማን ነው የሚከራየው?

ባለሱቁ፦
ጠይቀን ነበር። "ባለሀብቶች ይመጣሉ" ነው ያሉን።

ጎጃሜው፦
"ይመጣሉ" ካሉህ ገና ማንም የፈረመ የለም ማለት ነው። ስም እስኪጠሩላችሁ አጎትህም አይፈርሙ።

ባለሱቁ፦
እሺ ቅዳሜ አጎቴ ጋ ሄጄ ማሳውን በስልኬ ፎቶ አነሳዋለሁ፣ ባህር ዛፉንም ጭምር። የሱቁን ነገር ግን ማንም አልመለሰልኝም 😄

የሐዋሳዋ፦
ወንድሜ ወፍራም የዱቤ ደብተር ግዛ፣ ወሩ ሳይጋመስ ሁላችንም በዱቤ ነበር የምንበላው። እኔ ከሐዋሳ ስወጣ መጀመሪያ የዘጋሁት የባለሱቁን እዳ ነው፣ ሳይከፍሉ የሄዱ ግን ብዙ ናቸው።