ቦሌክስ ኤች16 ሪፍሌክስ ኦሪጅናል መሆኑን በምን ላረጋግጥ?

ጥያቄ
ጤና ይስጥልኝ። ሜሪላንድ ውስጥ በአንድ የቤት ዕቃ ሽያጭ ላይ ቦሌክስ ኤች16 ሪፍሌክስ የተባለ የፊልም መቅረጫ ካሜራ አግኝቼ ቀብድ ከፍያለሁ። ሻጩ ካሜራው ከነሌንሶቹ ከፋብሪካ እንደወጣ ነው ቢሉኝም፣ ከሥሩ የተመታው ቁጥር ከሦስቱ ሌንሶች ቁጥር ጋር አይገጥምም። ስዊታር በተባሉት የ10 እና የ25 ሚሊ ሜትር ሌንሶች ላይ ያለው «አርኤክስ» የሚለው ምልክትም ኢቫር በተባለው የ75 ሚሊ ሜትር ሌንስ ላይ የለም። ሌንሱ ተቀይሮ ይሆን?

መልስ 1
በቁጥሩ አይጨነቁ። ካሜራውን የሠራው ፓያር የተባለው ኩባንያ ሲሆን ፋብሪካው ስዊዘርላንድ፣ ሴንት ክሯ ነበር፤ ሌንሶቹን ደግሞ አራው በተባለችው የስዊዘርላንድ ከተማ ይገኝ የነበረው የከርን ኩባንያ ሠርቷቸው በራሱ ቁጥር መዝግቧቸዋል። ስለዚህ የካሜራውና የሌንሱ ቁጥር መጀመሪያውኑ አንድ አልነበረም። የካሜራው ቁጥር የሚጠቅምዎ የተመረተበትን ዘመን ለማወቅ ነው።

ኢቫሩም ቢሆን ጥፋት የለበትም። በሪፍሌክሱ ላይ ብርሃኑ ፊልሙ ዘንድ ከመድረሱ በፊት በወፍራም የመስታወት ፕሪዝም ውስጥ ስለሚያልፍ፣ አጫጭር ሌንሶች በሰፊው ሲከፈቱ ምስሉ ይደበዝዛል። «አርኤክስ» የተባሉት ይህን እንዲያርሙ የተሠሩ ሲሆኑ፣ እርማቱ የሚያስፈልገው እስከ 50 ሚሊ ሜትር ላሉት ነው። ሊያሳስብዎ የሚገባው 25ቱ ያለ ምልክት ቢሆን ኖሮ ነበር።

መልስ 2
እኔ እንዲህ ያሉ ካሜራዎችን ስለምጠግን፣ ከቁጥር በፊት ቪቶቹን አያለሁ። ከፋብሪካ የወጣ ቪት አፉ ንጹሕ ነው፤ ካቻቪቴ የበላው ከሆነ ግን አንድ ሰው ከፍቶታል ማለት ነው። መከፈቱ በራሱ ነውር አይደለም፤ የስድሳ ዓመት ማሽን ዘይቱ ሊታደስ ይገባዋል። ዋናው ጥያቄ ምን ተነክቶ ነው የሚለው ነው።

ሌንሱን ነቅለው በባትሪ ወደ ውስጥ ይመልከቱ። ፕሪዝሙ ብርሃኑን ከሚከፍተውና ከሚዘጋው መዝጊያ ፊት መቀመጥ አለበት፤ ከብርሃኑ አንድ አራተኛ የሚጠጋውን ቀራጩ ወደሚያይበት ማያ የሚልከው እሱ ነው። የተጣበቀበት ሙጫ ሲለቅ ከጠርዙ በኩል እንደ ዘይት ጠብታ ያለ ቀለማት የሚታይበት ነጠብጣብ ያወጣል። ከውጭ አብለጭልጮ ፕሪዝሙ የተላቀቀ ካሜራ ብዙ አይቻለሁ፤ ገንዘብዎን የሚበላው ይህ ነው።

ከዚያ ካሜራውን የሚያሽከረክረውን ሞላ እስከ መጨረሻው ሞልተው በሰከንድ 24 ፍሬም ያስኪዱት። ጤነኛ ከሆነ 28 ሰከንድ ገደማ፣ ድምፁ ሳይወላገድ ይሄዳል። እባክዎ ያለ ፊልም በሰከንድ በ64 ፍሬም አያስኪዱት፤ የፍጥነት መቆጣጠሪያውን ይጎዳል።

ጠያቂው
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዛሬ ሄጄ እንዳሉኝ አደረግሁ። ሞላው 27 ሰከንድ ሄደ፣ ድምፁም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አልተለወጠም። ፕሪዝሙ ጥርት ያለ ነው። ሌንሶቹ በሚገጠሙበት የፊት ለፊት ሳህን ላይ ካሉት ቪቶች ግን ሁለቱ አፋቸው ተበልቷል፤ ሻጩም ስጠይቃቸው አባታቸው አንድ ጊዜ እንዳስጠገኑት አስታወሱ።

መልስ 2
እንግዲያው «ከፋብሪካ እንደወጣ» አይባልም፤ የተጠገነ፣ ክፍሎቹም የዘመኑ የሆኑ ሪፍሌክስ ነው፤ ዋጋውንም በዚሁ ልክ ይነጋገሩ። ቀሪውን ክፍያ ከመጨረስዎ በፊት ግን አንድ የ100 ጫማ ጥቅል ፊልም ያስቀርጹበትና ያሳጥቡት። በ24 ፍሬም 2 ደቂቃ ከ45 ሰከንድ ገደማ ይሄዳል፤ የ25 ሚሊ ሜትሩን ሌንስ በሰፊው ከፍተው፣ ርቀቱን በሜትር ለክተው አንድ የተጻፈ ወረቀት ይቅረጹ። ፊደሎቹ በማያው ጠርተው በፊልሙ ላይ ከደበዘዙ፣ ሳህኑን ያወለቀው ሰው ወደ ልኩ አልመለሰውም ማለት ነው።